በስልኬ የተመዘገቡ ልጆች

የልጄ አባት ሌላ ሰው መሆኑን ያነበብኩት ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ላይ ነው። የነገረኝ የለም። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ከዚያ በፊት ደንግጬ አላውቅም አልልም፤ ጎርፍ አይቻለሁ፣ ጦርነት በደጄ አልፏል። እንደዚያን ቀን ክው ያልኩበት ቀን ግን የለም።

ማንበብ የተማርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ለምን ተማርክ ሲሉኝ ለዕውቀት ብዬ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። እናቷ ከሞተች በኋላ ያለችኝ ልጄ አረብ ሀገር ከሄደች ወዲህ በስልክ የምትጽፍልኝን የሚያነብልኝ ሰው መለመን አንገሸገሸኝ። «አባዬ ናፍቀኸኛል» የሚለውን ቃሏን ባለሱቁ ለደንበኛ ስኳር እየመዘነ በመሃል በመሃል ሲያነብልኝ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ አሞኝ ነበር ብላ የጻፈችውን ዘሎ አለፈው። አዝኖልኝ ነው አሉ። ሰው አዝኖልኝ የልጄን ነገር ሲደብቅብኝ አልወድም። ስለዚህ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጣቴ ለዶማ እንጂ ለእስክሪብቶ አልተሠራም ነበር፤ እየተሳደብኩ ተማርኩ። ዛሬም ሳነብ እየቆጠርኩ ነው የምሄደው፣ ግን እደርሳለሁ።

ቤቴ አምባሰል ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በእግር በሚወጣው ተዳፋት ላይ። አምባሰል ሲባል የከተማ ሰው ዜማው ትዝ ይለውና አንገቱን ይነቀንቃል። እኛ የምናውቀው አቀበቱን ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ግቢ፣ ከድንጋዩ ካብ አጠገብ። በዚህ ምክንያት ቤቴ የሰፈሩ ሁሉ የስልክ ቤት ሆነ። ልጆቻቸው አረብ ሀገር ያሉባቸው እናቶች ሁሉ ካቡ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ልጆቹም የሚያውቁት የእኔን ቁጥር ነው። ማረሻ ይዤ የማን ልጅ እናቷን ጠራች እያልኩ ስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አጉረመርማለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

ከሁሉም የምትብሰው ከቤቴ በታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ የሞተው ልጇ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያቺ ልጅና የእኔ ልጅ አንድ ላይ አደጉ፣ አንድ ላይ ሄዱ። ጎረቤቴ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፣ ካቡ ላይ ከሌሎቹ ቀድማ ትቀመጣለች።

«አያ፣ ደወለች?»

«ስልኩ እንጂ ልጅሽ እኔ ጋ ናት እንዴ?»

«ስልኩን ያዝልኝ አላልኩህም። ትደውላለች፤ እጠብቃለሁ። አንተ ማረስህን እረስ።»

እንዲህ ነው የምትመልሰው። የእኔን ልጅም ስትደውል አጠገቤ ሆና ትሰማለች፣ ከእጄ ነጥቃ «እንዴት ነሽ የኔ እናት፣ ልጄንስ አየሻት?» ትላታለች። የራሴን ልጅ ለብቻዬ አውርቻት አላውቅም ብል አልዋሸሁም።

በቅሬያችን ለፋፊው እኔ ነኝ። ቅሬ ሌላው ሀገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ እወጣና የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ እለፍፋለሁ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው የመረጡኝ፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

ልጆቹ ወደ አረብ ሀገር ሲበዙ ቅሬው ድረ-ገጽ አወጣ። ልጆቹ ባሉበት ሆነው አባል እንዲሆኑ፣ እዚያ አንዷ ብትሞት ወይም እዚህ ቤተሰብ ቢሞትባት መገናኛ እንዲኖር ተብሎ ነው። እያንዳንዷ የራሷን አካውንት ትከፍታለች፣ ቅጹን ትሞላለች፣ ገብታ ማስታወቂያውን ታያለች። ይህን የምታስተዳድረው ሐይቅ ያለች ሴት ናት። ራሷ አረብ ሀገር ሠርታ ተመልሳ ደሴ ኮምፒውተር የተማረች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት። የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ክርስቲያን፣ የእድሜ እኩያዬ፣ ቆጣቢ። ከእኔ ጋር ስንት ዘመን ቀብር ለቀብር ስንዞር አንድ ቀን ሻይ ጋብዞኝ አያውቅም።

በገበያ ቀን ጠዋት ዳኛው ደወለልኝ።

«ወደ ሐይቅ ውረድ፤ ትፈለጋለህ።»

«ማን ሞተ?»

«ገና አላወቅነውም።»

ለፋፊ ሆኜ ሟቹ ሳይታወቅ የተጠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን ማለቱ ነው እያልኩ ወረድኩ፣ ሚኒባስ ያዝኩ። ልጄ ከደወለች ሰንብታ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያንን ላለማሰብ ከረዳቱ ጋር ስጣላ ሄድኩ።

ክፍሏ ውስጥ ዳኛውና ሴትዮዋ ተቀምጠዋል። ከአረብ ሀገር የመጣ የድምፅ መልእክት አሰሙኝ። እዚያ የምትኖር የሀገራችን ልጅ ናት የላከችው። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ልጅ ሞታለች ትላለች። የአምባሰል ልጅ ናት ብለዋታል። ስልኳ ተቆልፏል፤ ያለው ኢቃማዋ ብቻ ነው፤ ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። እዚያ ላይ ያለውን ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ቀን አነበበች፤ የሆስፒታሉን ከተማና ታማ የገባችበትን ቀንም ተናገረች። ከዚያ «ቤተሰቧን ፈልጉልኝ፣ ወኪል ካልተገኘ እነሱው ይቀብሯታል፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይታወቅ አፈር ትገባለች» ብላ ዘጋች።

«ስሟን አውቀኸዋል?» አለኝ ዳኛው።

አላወቅኩትም። ግን ይህ አላጽናናኝም። የልጄን ፓስፖርት አይቼው አላውቅም። ስትሄድ ማንበብ አልችልም ነበር፤ እሷም አላሳየችኝ። በፓስፖርትሽ ላይ ስምሽ ማን ነው ተብሎ ልጅ ይጠየቃል እንዴ? ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የድረ-ገጹ መፈለጊያ ፎቶውንም ምኑንም አንድ ላይ ስለሚጭን በዚያ ኔትወርክ እስከ ማታ አይከፈትም አለችን። ስለዚህ ሌላ ነገር ከፈተች፤ ሥዕል የሌለው፣ ፊደል ብቻ የሆነ ጥቁር ገጽ።

«ይሄ ኤፒአይ የሚባለው ነው፣ አያ። ገጹን ሳልከፍት መዝገቡን ቀጥታ የምጠይቅበት መሣሪያ ነው። አካውንቶቹን አምጣ ስለው ያመጣልኛል። እንዲህ ያሉትን ብቻ ስለው ሌላውን ያስቀርልኛል።»

«ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«ሰርቨሩን።»

«የት ነው ያለው?»

«ውጭ ሀገር።»

«እሱም ሄዷል በይኛ።»

ዳኛው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

መጀመሪያ በኢቃማው ላይ ባለው የአባት ስም ጠየቀች። ገጹ ሞላ። ወደ ታች ብትስበው ብትስበው አያልቅም። ሁሉም ልጆች የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። የትውልድ ቀናቸውን አየሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ።

«ምን ዓይነት ሰውዬ ነው ይሄ? በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ?» አለ ዳኛው።

«ደላላው ነዋ፣ ጋሼ» አለች። «ልጆቹ ዕድሜያቸው አይደርስም፣ ያስጨምርላቸዋል። ለአባት ስም ደግሞ የለመደውን አንዱን ስም ለሁሉም ይሰጣል። በእኔም ፓስፖርት አባቴ ሌላ ሰው ነበር። አባቴ እስኪሞት አልነገርኩትም።»

«ለምን?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገረው?»

ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጆቹ ቅሬው ድረ-ገጽ ላይ ሲመዘገቡ የቤታቸውን ስም ትተው የፓስፖርታቸውን ስም ነበር የጻፉት። መታወቂያ አያይዙ ስለሚል፣ ከመታወቂያው ጋር እንዳይጣላ ብለው ፈርተው። እኛ ጋ አንድ ሰው ሁለት ስም ሲይዝ የመንግሥቱን ነው የሚጽፈው፤ የእናት አባቱ ይቀርበታል። ስለዚህ በዚያ ጥቁር ገጽ ላይ ልጄ ብትኖርም አላውቃትም። ያሳደግኳቸው የሰፈሬ ልጆች ቢኖሩም አላውቃቸውም። ይህ ሁሉ ሰው ተደርድሮ አንድም የማውቀው ስም የለም።

ሴትዮዋ ማጥራት ጀመረች። በሟቿ ስም ስታጠራ ገሚሱ ጠፋ። የሆስፒታሉን ከተማ ጨመረች፤ እንደገና አነሰ። ከዚያ ልጅቷ ከታመመች ወዲህ ገጹ ላይ የገቡትን አስወጣ ብላ አዘዘችው፣ የታመመ ሰው ገብቶ ማስታወቂያ አያነብም ብላ። ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ነው የሚሆነው። አንድ ቃል ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይጠፋሉ። የሚጠፉት የተረፉት ናቸው። ይህ ገብቶኝ ሲጠፉ ደስ እያለኝ፣ ልጄ ከጠፉት ጋር ትሁን እያልኩ በልቤ ዱዓ እያደረግኩ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ።

ሴትዮዋ ጣቷን ከፊደሉ ላይ አነሣች። ዳኛው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«ኔትወርኩ ሄደ» አለች ሴትዮዋ።

«ይሄዳል፣ ይሄዳል» አለ ዳኛው። ወደ እኔ ዞረ። «ምሳ አልበላህም አይደል? ና ዓሣ እንብላ። እኔ ነኝ የምጋብዝህ። አዳርህንም እዚሁ እኔ ጋ ብታደርገው ምን አለበት?»

ይህ የእኔ ሥራ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ከለፋፊ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ ለሞተበት ሰው በሬህ ገደል ገባ ብዬ ከገበያ መልሼው አውቃለሁ። እህቱ ለሞተችበት ትንሽ አሟት ነው ብዬ አብሬው እየሳቅኩ መንገድ ሄጃለሁ። መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው በልቶ ጠጥቶ አድሮ። እስከዚያ ሰው ሁሉ ደግ ይሆንልሃል። ዳኛው ደግ ሆነልኝ።

«አንብቢው» አልኳት።

«አያ፣ ኔትወርኩ…»

«ፊደሉ አለ። ኔትወርክ ሲሄድ ፊደሉን ይዞት አይሄድም።»

ወንበሬን ስቤ ራሴ ተጠጋሁ። እነሱ ማንበብ መማሬን ረስተውት ነበር፤ ሰው ሲለምድህ እንደለመደህ ነው የሚያስቀርህ። ፊደሉን አንድ በአንድ ያዝኩት። የልጅቷ ስም፣ ኢቃማው ላይ ያለው። የአባት ስም፣ የማላውቀው ሰውዬ። ከዚያ ተጠሪ ይላል። አጠገቡ የስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የእኔ ነው። ከሱ ቀጥሎ ዝምድና ይላል። አባት።

እንደገና አነበብኩት። አባት።

አንድ ልጅ፣ ሁለት አባት፣ በአንድ መስመር ላይ። አንዱ የማላውቀው፣ አንዱ እኔ። ልጄ በሰው ስም ኖራ በሰው ስም ሞታለች ማለት ነው። እኔ የቀረሁት እንደ ተጠሪ ነው።

«አብሽር፣ አብሽር» አለኝ ዳኛው። ክርስቲያን ነው፣ ግን የወሎ ሰው ሲጨንቀው ሌላ ቃል የለውም። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ገፍቼ ጣልኩት። ወጣሁ።

በሩ ላይ ገበያ ነው። ዓሣ ሻጮቹ፣ ሽንኩርት፣ የባጃጁ ጡሩምባ። የበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቅሳለሁ ብዬ አልነበረም። የወጣው ግን የልፈፋ ድምፄ ነው። ጉብታ ላይ ሆኜ ሟች የምጠራበት ድምፅ። የልጄን ስም፣ የቤት ስሟን፣ ያወጣሁላትን፣ ከነአባቷ ጠራሁት። ገበያው ዞሮ አየኝ። ከእኛ ተዳፋት ሽንኩርት ልትሸጥ የወረደች ሴት ሰማችኝ። ከፊቴ ቆመች፣ አፏን በሻሿ ያዘች፣ ከዚያ ሽንኩርቷን ለሌላ ሰው ትታ ወደ መናኸሪያው ስትሮጥ አየኋት። ወዴት ትሮጣለች ብዬ አላሰብኩም። የማስብበት አንጎል አልነበረኝም።

ዳኛው ደግፎ መልሶ አስገባኝ። ውሃ ሰጡኝ። ስለ ውክልና ያወራል፤ ወረቀት ይላካል፣ እዚያ ያለችው ሴት ትወክላለች፣ ቶሎ ካልሆነ ሆስፒታሉ አይጠብቅም ይላል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው።

«ንገሪያቸው» አልኳት ሴትዮዋን። «ሲቀብሯት ተልቂኗን በእናቷ ስም ያድርጉላት። በዚያ ሰውዬ ስም እንዳይጠሯት።»

ተልቂን እኛ እስላሞቹ ጋ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሼሁ ራስጌው ላይ ተቀምጦ ሟቹን የሚጠራበት ነው። መላእክቱ ሲጠይቁት የሚመልሰውን ያስታውሰዋል። የሚጠራውም በአባቱ ስም አይደለም፣ በእናቱ ነው፤ የእገሊት ልጅ ሆይ ብሎ። ድረ-ገጹ ሲሠራ የቅሬው ሼህ የእናት ስም ካልተጻፈ አልቀበልም ብለው አስጨምረውት ነበር። ሴትዮዋ ያኔ ማን ያነበዋል ብላ ተነጫንጫለች።

«የእናት ስም ተመዝግቧል» አለች አሁን። «እንዲፈጥንልኝ ብዬ ነው ያልጠየቅኩት። ላምጣውና እንዳለ ልላክላቸው።»

እዚያው ጥያቄዋ ላይ አንድ ቃል ጨመረች። ያቺ አንዷ መስመር ተመልሳ መጣች፣ አንድ ነገር ጨምራ። ሴትዮዋ ልታጽናናኝ ፈልጋ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ የእናቲቱን ስም ከነአባቷ አነበበችልኝ።

የተጠራችው ሚስቴ አይደለችም።

«ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። ሚስቴ አይደለችም። ዓርብ ዓርብ ካቤ ላይ የምትቀመጠው ናት።

ከዚያ ዳኛው «ስልኩስ? አባት የሚለውስ?» አለ።

ሴትዮዋ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «ቅጹ ነው» አለች። «ዝምድና የሚለው ምርጫ ነው እንጂ አይጻፍበትም። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ወንድም፣ እህት። ጎረቤት የሚል አላስገባሁም። እኔ ነኝ ያላስገባሁት።»

ልጅቷ አባቷን አታውቀውም። ያላት ቁጥር የእኔ ነው። ካሉት ቃላት መርጣ አባት አለችኝ። እኔ ግቢዬ ሲሞላ የማጉረመርመው ሰውዬ።

«በእኔ ቁጥር ያሉትን ሁሉ አምጪልኝ» አልኳት። «ከእናታቸው ስም ጋር።»

አመጣች። የተዳፋቱ ልጆች በሙሉ ወጡ። አንዳንዷ አባቷ በሕይወት አለ፣ እሷም አባት ብላ የእኔን ቁጥር ሰጥታለች። ከመካከላቸው በሚስቴ ስም አንዷን አገኘኋት። የአባቷ ስም ያው የደላላው ሰውዬ ነው። የትውልድ ቀኗ ያው ነው። መጨረሻ የገባችበት ግን ትናንት ይላል።

ትናንት። ሰው ሞቶ ትናንት አይገባም። አልሐምዱሊላህ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ የማን ልጅ እንደሞተች ትዝ አለኝ፤ ቃሉን መመለስ አይቻልም።

አካውንቷ ላይ ባለው ቁጥሯ ደወልንላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ። እኔ አንድ ቃል ሳልናገር እሷ ቀደመችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አባዬ፣ እሷ አጠገብህ ናት?»

እዚያች ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ያስደነገጠኝ የለም። ታውቃለች። ከእኛ ቀድማ አውቃለች።

«የለችም። ሐይቅ ነኝ» አልኳት።

ያኔ ለቅሶዋ መጣ። ልጅቷ መታመሟን ሰምታለች፣ መሞቷንም ከሌሎች የሀገር ልጆች ሰምታለች። ማዳሟ፣ አሠሪዋ፣ አላስወጣ ብላት ሬሳዋን እንኳ አላየችም።

«ለምን አልደወልሽም?» አልኳት። «እኔን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብደውል እሷ ናት አጠገብህ የምትቀመጠው። ስልኩን ትነጥቅሃለች። ልጄን አየሻት ትለኛለች። ምን ልበላት? እናንተ ለፍፋችሁት እንደሆነ ብዬ በየቀኑ የቅሬው ገጽ ላይ እየገባሁ አያለሁ። ዝም ብላችኋል።»

ዝም ያልነው ማን እንደሞተ ስለማናውቅ ነው። እሷ የሚነግር ሰው ስትጠብቅ፣ እኛ የሚነግረን ስንፈልግ፣ ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ ሰው ትጠብቃለች። ልጮህባት ፈለግኩ። አቃተኝ።

«በፓስፖርትሽ አባትሽ ማን ነው?» አልኳት።

«አባዬ፣ አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«መልሺልኝ።»

«አላውቀውም። ማንም አያውቀውም። እዚህ ሁላችንም የሱ ልጆች ነን።»

ስልኩን ለዳኛው ሰጠሁት። ከእሷና ያንን መልእክት ከላከችው ሴት ጋር ተነጋግረው ተስማሙ። ሆስፒታሉ የእናቲቱን ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ሲነጋ ሽማግሌ ይዞ ተዳፋቱን ሊወጣ፣ መርዶው እንደ ወጉ ሊነገር፣ ከዚያ እናቲቱን ይዞ ወደ ሐይቅ ሊወርድ። እኔ ቀድሜ ልሂድ፣ አፌን ልያዝ።

«አፍህን መያዝ ትችላለህ?» አለኝ ዳኛው።

«ሥራዬ ነው» አልኩት።

አስፋልቱ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ አቀበቱን ስጀምር ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ከግማሽ መንገድ ለቅሶ ሰማሁ። ቆምኩ። ከጎረቤቴ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ማን ነገራት አልኩ። ጆሮዬን ሳቀና ለቅሶው ከላይ ነው የሚመጣው። ከእኔ ግቢ።

ባለሽንኩርቷ ቀድማኝ ደርሳለች። ገበያ ላይ ያየችውን፣ የሰማችውን ስም ተናግራለች። ግቢዬ በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ከካቡ ውጭ፣ ሴቶቹ ውስጥ። ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ የልጄን ስም እየጠራች የምታለቅሰው ጎረቤቴ ናት።

እኔን ስታይ መንገድ አስለቅቃ መጣች። ሁለት እጄን ያዘች።

«አያ፣ አብሽር። የሰጠው አላህ ነው የወሰደው። አብረው ነው ያደጉት፣ የእኔም ልጅ ናት። በእኔ ጡት ነው አንድ ሰሞን ያደገችው፣ ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ሚስቴ በታመመች ጊዜ ነው። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ አቀረቀርኩ። እሷ ሐዘን ነው ብላ አሰበች። እጄን ይዛ ወሰደችኝ፣ የሐዘንተኛው መቀመጫ ላይ ቆዳ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አያ፣ ልጄን ደውልልኝ» አለችኝ። «ሰምታ ይሆናል። ብቻዋን ናት፣ የሚያባብላት የላትም። እኔ ላውራት፣ ላጽናናት።»

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄ ሳላዘው ኪሴን ጨመቀ።

«ሲነጋ» አልኳት።

«ሲነጋ» አለች። አላስቸገረችኝም። ከዚያ በፊት በሕይወቷ አንድ ቀን እንዲያ እሺ ብላኝ አታውቅም።

ሰው ሲመጣ እየተነሣች ተቀበለች። ለመጣው ሁሉ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አጠገቧ የሀገር ልጅ ነበረ ይሆን እያለች ነገረች። ሴቶቹ ከሷ ጋር አለቀሱ። እኔ በእሷ ቦታ ተቀምጬ ሰውን እግዜር ያጥናህ፣ አላህ ሶብር ይስጥህ ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ልጄ በሕይወት አለች ብዬ ብናገር ሰው ሁሉ ተነሥቶ የማን ልጅ ናት ታዲያ ይላል፤ ወደ ጎረቤቴ ፊት ያያል። ዝም ብል ለልጄ ያለቅሳሉ፤ የቆመች ልጅ ይለቀስላታል። ሁለቱንም መዘንኩና ዝም አልኩ። ወጉን ጠብቄ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወጉ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ያወጡትም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሲነጋ ዳኛው፣ ሼሁና ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ለእኔ የመጡ መስሏት ቀድማ ተነሣች፣ ሰሌን ልታነጥፍላቸው ጎንበስ አለች። ዳኛው ቆሞ ቀረ።

«አንቺ ተቀመጪ» አላት።

«እናንተ ተቀመጡ እንጂ፣ እኔ ምን ሆንኩ?» አለችው።

ከእነሱ ማንም አልተቀመጠም። ሰሌኑን በእጇ እንደያዘች ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ሼሁ መሬት መሬት ያያሉ። ዳኛው ነገራት። በጥቂት ቃል ነገራት፣ ልጅሽ ናት ብሎ።

አልጮኸችም። ሰሌኑን አልለቀቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ያንተ ናት ብለውኝ እኮ ነው ሳለቅስ ያደርኩት» አለችኝ።